ሾርት ዌቭ የምታዳምጡ የወሎ ልጆች፣ «ሰማሁ» ሲላችሁ የምታምኑት ጓደኛ አላችሁ?

ጦሳ_ስር፦

ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ ነኝ፣ ሬዲዮና ቴሌቪዥን እየጠገንኩ ነው የምኖረው፣ አሁን አሁን ሬዲዮ ይዞ የሚመጣ ሰው ቀንሷል፣ ስፒከርና ቻርጀር ሪሲቨር ነው የሚበዛው። ቀን የሰው ዕቃ ላይ ነኝ፣ ማታ የራሴ ሬዲዮ ላይ። ስለ አንቴና ስለ ባንድ እዚህ ብዙ ተጽፏል፣ ዛሬ ማንሳት የፈለግኩት ስለ ጓደኝነት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዓሣ ያጠመደ ሰው ዓሣውን ያሳያል። እኛ ግን ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ሰው ሁሉ ተኝቶ፣ ጫጫታ መሀል አንድ ደካማ ድምፅ ለይተን፣ ጠዋት «ሰማሁ» ስንል የምናሳየው የለንም። ማስረጃው ጆሯችን ነው። የጣቢያዎች ዝርዝር ደግሞ ኢንተርኔት ላይ ሞልቷል፣ ቀን ሰዓት ቋንቋ ሁሉም ተጽፎ አለ፣ እሱን እያዩ ደብተር መሙላት ለማንም አይከብድም። ስለዚህ ይሄ ሥራ የሚቆመው በሰው ቃል ላይ ነው፣ ለዛም ነው በዚህ በኩል ያገኘኋቸው ጓደኞች ከሌሎቹ ሁሉ የሚለዩብኝ፣ ገንዘብ ብሰጣቸው አልቆጥርም፣ ቤቴን ትቼላቸው ብሄድ ዞር ብዬ አላይም።

እኛ ጋ የያዝነው ልማድ አለ። አንዳችን ሌሊት ደካማ ነገር ሲይዝ ለሌላው የጣቢያውን ስም አይናገርም። የጣቢያውን የሞገድ ቁጥር ብቻ ነው የሚልከው፣ «ይሄን ክፈት» ብሎ። የተላከለት ሰው አዳምጦ የሰማውን ደብተሩ ላይ ይጽፋል፣ ቋንቋው ምን ይመስላል፣ ወንድ ነው ሴት፣ ዘፈን ነው ዜና፣ ስንት ሰዓት ላይ ምን ተባለ፣ ከዛ በኋላ ነው የምንተያየው። ከተገጣጠመ ተገጣጠመ። ካልተገጣጠመ ሁለቱም እንዳለ ይቀመጣል፣ ማንም የራሱን ሰርዞ የጓደኛውን አይጽፍም።

ሙሉ ቀኔን ለማወቅ ለምትፈልጉ፣ ወደ 12 ሰዓት ሱቅ እዘጋለሁ፣ ቤት ስገባ ቡና አለ፣ ምሽት 1 ሰዓት ከቤተሰቡ ጋር የጀርመን ድምፅ እንሰማለን (አባቴም ይሰማው ነበር፣ የአማርኛው ክፍል ከመጋቢት 1957 ጀምሮ ያለ ነው)፣ ልጆች ሲተኙ ደግሞ ማዳመጫዬን አድርጌ 49 ሜትር ላይ (ከሾርት ዌቭ ባንዶች አንዱ ነው) እጀምራለሁ። መብራት የጠፋ ዕለት ሌላ ደስታ ነው። ሰፈሩ ሁሉ ሲጨልም ያ ሁሉ የቻርጀርና የአምፖል ጫጫታ አብሮ ይጠፋል፣ በድንጋይ የሚሠራ ሬዲዮ ያለው ሰው ያን ዕለት የሚሰማውን ሌላ ቀን አይሰማውም። ሰው ለመብራት ኃይል ሲደውል እኔ ለጓደኞቼ ነው የምደውለው።

እናንተስ? ከማን ጋር ነው የምታዳምጡት?

ኮምቦልቻ_ሜዳ፦

ወንድሜ ስለ ጫጫታው ያልከው ልክ ነው፣ እኛ ኮምቦልቻ ደግሞ ከእናንተ ዝቅ ብለን ሜዳው ላይ ነን፣ ወፍጮው ብረት መበየጃው ሁሉም እዚሁ ነው። እኔና አንድ የሰፈሬ ልጅ ጫጫታ ማደን የሚባል ጨዋታ አለን፣ ወላሂ ከካራምቡላ ይበልጣል። ትንሽ ሬዲዮ መካከለኛ ሞገድ ላይ ታደርግና ጣቢያ የሌለበት ቦታ ላይ ታቆመዋለህ፣ ከዛ እጅህ ላይ ቀስ እያልክ ታዞረዋለህ። ውስጡ ያለው የፌራይት ዘንግ (የውስጥ አንቴናው) ጫፉ ወደ ጫጫታው ምንጭ የዞረ ጊዜ ድምፁ ድንገት ይቀንሳል። ያን አቅጣጫ መሬት ላይ መስመር አድርገህ ትይዛለህ፣ ጓደኛህ ከሌላ ቦታ ሆኖ እንደዛው ይይዛል፣ ሁለቱ መስመር የሚገናኙበት ቤት ነው እንግዲህ ሌባው።

አንዴ አንዲት እናታችን በረንዳ ላይ ያለ ርካሽ ኤልኢዲ አምፖል ሆኖ አገኘነው። አንኳኩተን ገባን፣ እማማ አምፖልዎን እንቀይርልዎ አልን፣ ግራ ገባቸው፣ ኋላ ግን ሬዲዮውን አቅርበን አምፖሉን አጥፍተን አብርተን ስናሳያቸው ገባቸው፣ አዲስ አምፖል ገዛንላቸው እሳቸው ቡና አፈሉልን፣ አቦል ቶና በረካ ጠጥተን ነው የወጣነው፣ አሁን ሰፈር ውስጥ አዲስ ነገር ሲሰካ ራሳቸው ጠርተው ይነግሩናል።

ባቲ_ሰኞ፦

ሰላም ወንድሞች፣ እኔ ገና ጀማሪ ነኝ። አጎቴ ሲሞት የተወልኝ የድሮ ሶኒ ሬዲዮ አለ፣ ሾርት ዌቩ ይሠራል ግን ከቻይና ጣቢያ በቀር ብዙም አይዝልኝም። አዲስ ሬዲዮ ልግዛ ወይስ አንቴና? ገንዘቤ ለአንዱ ነው የሚበቃው።

ጦሳ_ስር፦

@ባቲ_ሰኞ አላህ ይማራቸው አጎትህን። ሬዲዮውን እንዳትለውጥ፣ ሽቦ ግዛ። ከ15 እስከ 20 ሜትር የሚሆን የመዳብ ሽቦ ይበቃሃል፣ ከተቃጠለ ሞተር የወጣ ጥቅል ሽቦ ካገኘህም ይሆናል። በሁለት ባህር ዛፍ መሀል ዘርጋው፣ ጫፉን ግን ቀጥታ ዛፉ ላይ እንዳታስር፣ ከሃይላንድ ቁራጭ ቆርጠህ በሱ ቀዳዳ አሳልፈህ በሲባጎ እሰረው፣ ፕላስቲኩ ሽቦውን ከእርጥብ ግንድ ይለይልሃል። ሌላውን ጫፍ ወደ ሬዲዮህ አምጣው፣ የአንቴና ቀዳዳ ከሌለው የሚሳበው አንቴና ዘንግ ላይ በክሊፕ ያዘው። ለመሬት ደግሞ ክንድ የሚያህል ፌሮ እርጥበት ያለበት ቦታ ቅበርና ከሱ ሽቦ አምጣ። ቤትህ ቆርቆሮ ከሆነ ሽቦውን ከጣሪያው ራቅ አድርገው፣ ቆርቆሮ ሞገዱን ይከልልብሃል።

አንድ ነገር አደራ፣ ክረምት ላይ ስትተኛም ከቤት ስትወጣም ሽቦውን ከሬዲዮው ንቀለው። ዝናቡ ሳይደርስ መብረቁ ከሩቅ መሆኑን ሬዲዮው ውስጥ ከሚሰማህ ቅጭ ቅጭታ ታውቃለህ፣ እሱን ስትሰማ አትጠብቅ። ጥገና ሱቄ የመጡ በመብረቅ የተቃጠሉ ዕቃዎች አይቻለሁ፣ ውስጣቸው የሚጠገን አይደለም።

ሽቦውን ስትጨርስ ምሽት 2 ሰዓት ላይ 7120 ኪሎ ኸርዝ ክፈትና የሰማኸውን እዚህ ጻፍልኝ። ዝርዝር እንዳታይ።

ወልድያዊት፦

እኔ ነርስ ነኝ፣ ወልድያ። ተረኛ የሆንኩ ሌሊት ሬዲዮ አልነካም፣ ከተረኝነት ወጥቼ እንቅልፍ እንቢ ያለኝ ቀን ግን ንጋት 11 ሰዓት አካባቢ የማዳምጠውን ያህል ሌላ ጊዜ አይገኝም። ያን ሰዓት በኛ በኩል ጨለማው ገና አልለቀቀም፣ ምዕራብ በኩል ደግሞ ሙሉ ሌሊት ነው፣ ከሩቅ ምዕራብ የሚመጣው ይጠራል። ፀሐይ ከወጣች በኋላ የታችኛው የአየር ንብርብር ዝቅተኛውን ባንድ እየዋጠው ይሄዳል፣ 49 ሜትር ቀስ እያለ ይሞታል፣ ወደ 25 እና 19 ሜትር መውጣት ነው።

@ጦሳ_ስር እኔና አንተ በአካል ተያይተን አናውቅም፣ ግን ስንት ጊዜ ነው ቁጥር የተላላክነው። እኔ አንተን ያመንኩህ መቼ እንደሆነ ልንገርህ፣ አንድ ጊዜ የላክሁልህን ቁጥር ከፍተህ «እህቴ ምንም አልሰማሁም፣ ጫጫታ ብቻ ነው» ብለህ የጻፍክልኝ ቀን። ሌላ ሰው ቢሆን ለደስታዬ ሲል «አዎ አዎ እኔም ጋ አለ» ይለኝ ነበር።

አንድ ጥያቄ ደግሞ፣ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ከ1 ሰዓት ተኩል ጀምሮ አንዳንድ ቀን ድምፁ ሁሉ ይንቀጠቀጣል፣ ውሃ ውስጥ ያለ ሰው የሚናገር ይመስላል፣ ጠንካራ ጣቢያ እንኳ። ሬዲዮዬ ነው?

ኪዮት_ተማሪ፦

@ወልድያዊት ሬዲዮሽ ጤነኛ ነው እህቴ። ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተማሪ ነኝ፣ ይሄን ነገር ትንሽ አንብቤበታለሁ። የምድር መግነጢሳዊ ወገብ የሚባለው መስመር የሚያልፈው በኢትዮጵያ ላይ ነው፣ ከተለመደው የምድር ወገብ በስተሰሜን። በዚህ መስመር አካባቢ ፀሐይ ስትጠልቅ የላይኛው ንብርብር ወደ ላይ ይነሳና ውስጡ የሳሳ አረፋ አረፋ ይፈጠራል፣ ሞገዱ በዛ ሲያልፍ ይበታተናል፣ መንቀጥቀጡ እሱ ነው። መጋቢትና መስከረም አካባቢ፣ ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆንበት ሰሞን ይብሳል። ጂፒኤስን ራሱ ያስታል። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ይሄንኑ የሚያጠኑ ሰዎች አሉ። ማለትም ሌላው ዓለም በሳተላይት የሚያጠናው ነገር አንቺ ቤት ማታ ማታ በጆሮሽ ይሰማሻል ማለት ነው፣ ቀኑንና ሰዓቱን መዝግቢው፣ በጣም ውድ ነገር ነው።

ሌላ፣ አሁን ያለንበት የፀሐይ ዙር (የፀሐይ እንቅስቃሴ ጨምሮ የሚቀንስበት ጊዜ፣ አጫጭሮቹ ባንዶች የሚከፈቱት እሱ ሲጨምር ነው) በፈረንጆቹ 2019 መጨረሻ የጀመረው 25ኛው ነው፣ ጫፍ ላይ የደረሰው 2024 አካባቢ ነው። አንድ ዙር በአማካይ 11 ዓመት ስለሆነ ከዚህ በኋላ እየቀነሰ ነው የሚሄደው፣ ሞገዳቸው ከ19 ሜትር ያጠረ ባንዶችን አሁኑኑ አዳምጧቸው፣ ከጥቂት ዓመት በኋላ እንደዚህ አይከፈቱም።

ፒያሳ_ልጅ፦

ይቅርታ አድርጉልኝና አንድ ያልገባኝ ነገር አለ። ሆላንድ ትዌንቴ ዩኒቨርሲቲ ያለው ዌብ ኤስዲአር (ማንም በኢንተርኔት የሚያዳምጥበት ሬዲዮ) በስልኬ ይከፈታል፣ ሾርት ዌቩን በሙሉ እያየሁ በጣቴ እመርጣለሁ፣ ሽቦ የለ መብረቅ የለ። ለምንድነው ይሄ ሁሉ ልፋት? ከልቤ ነው የምጠይቀው።

ጦሳ_ስር፦

@ፒያሳ_ልጅ ጥሩ ጥያቄ ነው። ያ ዌብ ኤስዲአር ድንቅ ነገር ነው፣ እኔም እከፍተዋለሁ፣ አንድ ጣቢያ አየር ላይ መሆኑን ለማረጋገጥ። ግን እሱ የሚነግርህ ሆላንድ ምን እንደሚሰማ ነው። እኔ ማወቅ የምፈልገው እዚህ ደሴ፣ ጦሳ ተራራ ሥር ምን እንደሚደርስ ነው። አውሮፓ ያሉ አዳማጮች ለዓመታት 6090 ላይ የአማራ ሬዲዮን፣ 6110 ላይ ፋናን ለመያዝ ሌሊት ይነቁ ነበር፣ ለኛ እንደ ጎረቤት የሚሰማው ለነሱ ትልቅ ነገር ነው፣ ለነሱ ጎረቤት የሆነው ደግሞ ለኛ። ቦታው ነው ዋጋውን የሚሰጠው። በስልክህ የሰማኸውን ደብተርህ ላይ ስትጽፍ «በሆላንድ በኩል» ብለህ ከጻፍክ ማንም አይቃወምህም። «ደሴ» ብለህ ከጻፍክ ግን ሐሰት ነው፣ በሐሰት ሪፖርት የመጣ ኪው ኤስ ኤል ካርድ (ጣቢያው መሰማቱን አረጋግጦ የሚልከው) ግድግዳ ላይ ቢሰቀል ማንን ነው የሚያስደስተው?

የቴሌ_ጡረተኛ፦

ልጆቼ እንደምን አላችሁ። ጽሑፍ ላይ ብዙ አይደለሁም፣ ልጄ ነው ስልኩን ያስተካከለልኝ። ይሄን ስታነሱ ዝም ማለት አልቻልኩም።

እኛ ቴሌ ስንገባ ሞርስ በጆሮ ነበር የተማርነው፣ ነጥብና ሰረዝ በዓይን እንድንቆጥር አይፈቀድልንም ነበር፣ ዜማውን ነው የምትይዘው። አስተማሪያችን መጀመሪያ ያስተማሩን ነገር ያልሰማኸውን ፊደል አትሙላ የሚል ነበር። ቃሉ ግማሹ ከደረሰህ የቀረው ምን እንደሆነ አእምሮህ ይነግርሃል፣ ብዙ ጊዜም ልክ ይሆናል፣ ግን ቴሌግራሙ የሰው ነው። ልጁ በየትኛው ቀን እንደሚመጣ፣ ስንት ብር እንደተላከ የሚጠብቅ ሰው አለ። ስለዚህ ድገም ትላለህ። አሥር ጊዜም ቢሆን ድገም ትላለህ። ወዲያ ማዶ ያለው ሰው በዚህ አይናደድብህም፣ እንዲያውም ድገም የማይል ሰው ሲገጥመው ነው የሚሰጋው። ፊታቸውን አይቻቸው የማላውቅ የአሥመራና የድሬዳዋ ሠራተኞች ነበሩ፣ አመታታቸውን እንደ ድምፃቸው ነበር የምለየው፣ ዛሬ ማን ተረኛ እንደሆነ በመጀመሪያው ፊደል አውቃለሁ።

ልጅ ሆኜ የብስራተ ወንጌልን ሬዲዮ ከ1955 ጀምሮ እሰማ ነበር፣ በ1969 ተወርሶ ስሙ እስኪለወጥ ድረስ። ያኔ ሰፈር ውስጥ አንድ ሬዲዮ ነበር፣ ድንጋይ እንዳያልቅ ለዜና ብቻ ነበር የሚከፈት።

ሆጤ_ሰፈር፦

ጋሼ አንቱ ይሄን ከጻፉ እኔም አንድ ነገር ልናገር፣ አንቱ አይናገሩትምና።

ጥቅምት 2014 መጨረሻ ላይ ደሴ ስልኩም ኔትወርኩም መብራቱም ሲቋረጥ ሰፈራችን ውስጥ በድንጋይ የሚሠራ ሾርት ዌቭ ከነበራቸው ጥቂት ሰዎች አንዱ ጋሼ ነበሩ። ኅዳርን ሙሉ ማታ ማታ ሰው እሳቸው ጓሮ ይሰበሰብ ነበር። ሁሉ ሰው ልጅ ወይ ወንድም የሆነ ቦታ አለው፣ ሁሉም የሚፈልገውን ወሬ ነው የሚጠይቃቸው። እሳቸው ግን የጀርመን ድምፅ ይሄን አለ፣ የአሜሪካ ድምፅ ይሄን አለ፣ ስለዚህኛው አልሰማሁም፣ ይሄኛው ቦታ ላይ ድምፁ ስለጠፋ አላገኘሁትም፣ ይሄው ነው። አንዲት እናት እያለቀሱ «ደህና ነው በለኝ» ብለዋቸው «እህቴ ስለዛ ቦታ የተባለ ነገር የለም፣ ነገ ደግሞ እናዳምጣለን» ነው ያሏቸው። ያኔ ከባድ ሰው መስለውኝ ነበር። ነገር ግን በዛ ሰሞን ከተማው ውስጥ የሚነዛውን ወሬ ሁሉም ሰው ያስታውሳል፣ እሳቸው ጓሮ የተነገረ ነገር ግን አንድም ሐሰት ሆኖ አልተገኘም። እስላሙም ክርስቲያኑም፣ ከመግሪብም ከጸሎትም መልስ ጋሼ ጋ ነበር የሚያልፈው።

የቴሌ_ጡረተኛ፦

አንተ ልጅ፣ ይሄን ሁሉ ታስታውሳለህ። ድንጋዩን የምትገዛልኝ አንተ አልነበርክ እንዴ። ሱቅ ሁሉ ተዘግቶ ከየት እንደምታመጣው እስከ ዛሬ አልነገርከኝም።

ፒያሳ_ልጅ፦

ገባኝ። አመሰግናለሁ ጋሼ። ሌላ ጥያቄ ላምጣ እንግዲህ፣ አንድ ልጅ ባኦፌንግ የእጅ ሬዲዮ አለኝ ይላል፣ ጦሳ ጫፍ ወጥተን ከኮምቦልቻ ጋር ብንነጋገርስ? ከዛ ላይ ሁሉም ይታያል እኮ።

ኪዮት_ተማሪ፦

እንደሚደርስማ ይደርሳል፣ ያ ሞገድ ዓይን የሚያየውን ያህል ስለሚሄድ። ግን ያለ ፈቃድ ማስተላለፍ አይቻልም፣ በጭራሽ እንዳትሞክሩት። የሬዲዮ ሞገድን የሚያስተዳድረው በአዋጅ 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው፣ ጥያቄ ካለ እዛ ነው። መናገር የሚያምርህ ከሆነ አዲስ አበባ 5 ኪሎ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ግቢ ያለውን የአማተር ሬዲዮ (በትርፍ ጊዜያቸው በሬዲዮ የሚነጋገሩ ሰዎች) ክበብ ጣቢያ ሂድና እየው፣ መጠሪያው ኢቲ3ኤኤ ነው። ከሀገራችን አየር ላይ የሚወጣ የአማተር ጣቢያ ጥቂት ስለሆነ እነሱ ሲከፍቱ ከመላው ዓለም ነው የሚረባረቡባቸው። 20 ሜትር ላይ እነሱን ከኮምቦልቻ መስማት ራሱ ሕልሜ ነው፣ ቅርብ ስለሆንን ሞገዱ ብዙ ጊዜ በላያችን ዘሎ ይሄዳል።

ባቲ_ሰኞ፦

ሽቦውን ዘረጋሁ!! ወንድሞች ይሄ ሌላ ሬዲዮ ነው፣ አጎቴ ይሄን ቢያይ ምን ይል ነበር። አሁን 7120 ላይ ምሽት 2 ሰዓት ከ10 ጀምሬ ያዳመጥኩትን ልጻፍ። ወንድ ነው የሚናገረው፣ ይጠፋል ይመጣል። ቋንቋው አማርኛም ኦሮምኛም አይደለም። አፋርኛም አይደለም፣ የባቲን ሰኞ ገበያ እየሰማሁ ስላደግኩ አፋርኛ ቢሆን እለየዋለሁ። ዓረብኛ የሚመስል ቃል አለበት ግን ዓረብኛ አይመስለኝም። 2 ከ25 ላይ ዘፈን ገባ፣ ክራር ወይ ኡድ፣ ከበሮ፣ ሴት ትዘፍናለች። የጣቢያውን ስም አልሰማሁም። ቋንቋውን አላወቅኩትም ብዬ ነው ደብተሬ ላይ የጻፍኩት፣ ይሄ ችግር አለው?

ወልድያዊት፦

እኔም አብሬ ከፈትኩት። ወልድያ ላይ ደከም ብሎ ነው፣ ወንድ ተናጋሪ፣ 2 ከ25 ላይ የሴት ዘፈን፣ ኡድ ነው እኔ ጋ። ቋንቋው ሶማሊኛ ይመስለኛል፣ ሆስፒታል ሶማሊኛ የሚናገሩ ሹፌሮች ስለሚመጡ ትንሽ ጆሮዬ ለምዶታል፣ ግን እርግጠኛ አይደለሁም። ሲንፖ 2 3 3 2 2 ሰጥቼዋለሁ።

ጦሳ_ስር፦

@ባቲ_ሰኞ ማሻ አላህ! ምንም ችግር የለውም፣ እንደዚህ ነው የሚጻፈው። አየህ፣ አንተና እህታችን ሳትነጋገሩ ዘፈኑ የገባበት ደቂቃ አንድ ሆነ። ጣቢያው ሬዲዮ ሐርጌሳ ነው፣ ቋንቋው ሶማሊኛ። አሁን ስሙን ነግሬህ ደብተርህ ላይ «አላወቅኩትም» ያልከውን እንዳትሰርዘው፣ ከሥሩ «በኋላ የተነገረኝ» ብለህ ጨምርበት።

ሲንፖ ላልከው (አልጠየቅክም ግን መጠየቅህ አይቀርም) አምስት ቁጥር ነው፣ የድምፁ ጥንካሬ፣ የሌላ ጣቢያ ጣልቃ ገብነት፣ ጫጫታው፣ የሞገዱ መዋዠቅ፣ አጠቃላዩ፣ እያንዳንዱ ከ1 እስከ 5፣ 5 ጥሩው። ሁልጊዜ 5 የሚሰጥ ሰው ሪፖርት ለጣቢያው መሐንዲስ አይጠቅመውም።

ሰዓቱን ደግሞ ለጣቢያ ስትልክ በዓለም አቀፉ ሰዓት ነው። የኛን የቀን ሰዓት 3 ደምርበት፣ የማታውን 15 ደምርበት፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት ከ10 ያልከው 17 ሰዓት ከ10 ይሆናል። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ሲሆን 24 ይሞላል፣ ቀኑ ይቀየራል፣ ቀኑን በፈረንጅ ጻፍ።

ኮምቦልቻ_ሜዳ፦

እሁድ ሐይቅ እንሂድ ስንል የነበረውስ? እዛ ሐይቁ ዳር ቆጣሪ የለ አምፖል የለ፣ ጫጫታ የሚባል ነገር አይደርስም። ቀን ቆሮሶ እንበላለን፣ ማታ እናዳምጣለን። ጋሼም ይምጡ፣ መኪና እኔ አለኝ፣ ደሴ ላይ አነሳቸዋለሁ።

የቴሌ_ጡረተኛ፦

እመጣለሁ። ፎጣዬንና ጋቢዬን ይዤ ነው የምመጣው፣ ሐይቅ ማታ ይበርዳል። ሞርስ መማር የሚፈልግ ካለ ቁልፉን አመጣዋለሁ፣ ለድምፅ ብቻ ነው፣ አየር ላይ አይወጣም።

ባቲ_ሰኞ፦

እኔም ልምጣ? ሽቦ አለኝ አሁን።

ጦሳ_ስር፦

ና እንጂ። ፌሮውን እኔ አመጣለሁ፣ አንተ ሽቦውንና የአጎትህን ሶኒ። @ወልድያዊት ተረኛ ካልሆንሽ በመርሳ በኩል ቅርብ ነው፣ ካልመጣሽ ደግሞ ማታ 3 ሰዓት ላይ ቁጥር እንልክልሻለን፣ አንቺም ላኪልን።

ወልድያዊት፦

እሁድ ተረኛ ነኝ፣ ሰኞ ጠዋት ነው የምወጣው። ንጋት 11 ሰዓት ላይ የሚነቃ ካለ 9 ሜጋ ኸርዝ አካባቢ አንድ ነገር እያደንኩ ነው፣ ቁጥሩን ለጋሼ በውስጥ ልኬላቸዋለሁ፣ ስሙን አልነገርኳቸውም።